በሳምንት 32 ሰዓት እየሠሩ ስንት ክሬዲት ያዋጣል? (ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ)

ማሂ_ነርሲንግ
ሰላም ለዚህ ቤት። ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ) ለፎል ሴሚስተር ልመዘገብ ነው፣ መድረሻዬ ነርሲንግ ነው። እስካሁን የመረጥኳቸው፦ ባዮ 141 (አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድ) 4 ክሬዲት፣ ኢንግሊሽ 111 3 ክሬዲት፣ ሂሳብ 154 3 ክሬዲት፣ ሳይኮሎጂ 230 3 ክሬዲት፣ እና ለአዲስ ተማሪ የግድ የሆነው ኤስዲቪ (የኮሌጅ አያያዝ መግቢያ ኮርስ) 1 ክሬዲት። ድምሩ 14 ነው። ሥራዬ በሳምንት አራት ቀን፣ ከቀኑ 8፡30 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። 14 ይበዛል? ከ12 ብወርድስ ፔል ግራንቱ (የማይመለሰው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ) ይቀራል የሚሉት እውነት ነው?

ሰዓት_ቆጣሪ
እህት ማሂ፣ ክሬዲቱን ትተሽ ሰዓቱን ቁጠሪ። የፌዴራሉ ደንብ አንድ ክሬዲትን ሲተረጉም በሳምንት አንድ ሰዓት ክላስና ከክላስ ውጭ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሥራ፣ ለ15 ሳምንት ያህል ይላል። ስለዚህ 14 ክሬዲት ከክላስ ውጭ ብቻ 28 ሰዓት ይፈልጋል።

የክላሱ ሰዓት ግን 14 አይደለም። ባዮ 141 ሦስት ሰዓት ሌክቸርና ሦስት ሰዓት ላብ (ላቦራቶሪ) ስላለው በ4 ክሬዲት ስድስት ሰዓት ያስቀምጥሻል። ድምሩ 16 ይሆናል። 16 እና 28፣ 44። ሥራሽ 32። መንገድ በትንሹ 6 እንበለው። 82 ደረስን። በቀን 7 ሰዓት ከተኛሽ በሳምንት 49 ነው፤ 131። ሳምንት 168 ሰዓት ስለሆነ 37 ይተርፍሻል። በወረቀት ላይ ይቻላል ማለት ነው፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ያ 28 ሰዓት ቢበቃ የሚበቃው እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻው ለሚያነብ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ በሁለተኛ ቋንቋ ሲነበብ አንድ ተኩል እጥፍ ቢወስድ አይገርምም። 28 ወደ 42 ያድጋል፣ ትርፉም ከ37 ወደ 23 ይወርዳል። በቀን ሦስት ሰዓት ከምናምን ነው። ምግብ፣ ልብስ አጠባ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ አገር ቤት ስልክ፣ ልቅሶና ክርስትና ሁሉ ከዚያ ውስጥ ነው የሚወጣው።

ሁለተኛ፣ ትርፍ የተባለው ጊዜ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። አሥር ደቂቃ ባቡር ጥበቃ፣ ሃያ ደቂቃ ብሬክ። ፍላሽ ካርድ ይገለበጥበታል እንጂ የኢንግሊሽ 111 ድርሰት አይጻፍበትም። ድርሰት ቢያንስ የሁለት ሰዓት ያልተቆረጠ ጊዜ ይፈልጋል። አንቺ በሳምንት ስንት እንዲህ ያለ ሁለት ሰዓት አለሽ? እሱን ነው መቁጠር ያለብሽ።

ሂሳቡንና ሳይኮሎጂውን ብታወጪ ባዮ፣ ኢንግሊሽና ኤስዲቪ ይቀራሉ፣ 8 ክሬዲት። ክላሱ 10 ሰዓት፣ ጥናቱ በአንድ ተኩል እጥፍ 24። ከሥራ፣ ከመንገድና ከእንቅልፍ ጋር 121፤ ትርፉ 47። ሳይኮሎጂን ብትጨምሪ 11 ክሬዲት ይሆናል፣ ትርፉም 35። ከዚህ በላይ ከሥራሽ ጋር አይሄድም ባይ ነኝ።

ፈጥኖ_ጨራሽ
ሰዓት_ቆጣሪ ጥሩ ነው የደመርከው፣ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። አሶሼት ዲግሪ 60 ክሬዲት ገደማ ነው። በ15 ክሬዲት አራት ሴሚስተር፣ በ12 አምስት፣ በ9 ሰባት። ትምህርት በረዘመ ቁጥር መሃል የሚገባው ነገር ይበዛል፤ ልጅ ይወለዳል፣ የቤት ኪራይ ይጨምራል፣ አገር ቤት የታመመ ይኖራል። ቀስ እያልኩ እጨርሳለሁ ያለ ስንቱ አቋርጦ ቀርቷል። ከ12 በታች ደግሞ ፉል ታይም አይደለሽም፣ ፔል የለም። ቢያንስ 12 ያዢና ተጋፈጪው።

ፋፍሳ_ከፋች
ስለ ፔል የተባለው ልክ አይደለም፣ ብዙ ሰው ስለሚደጋግመው በደንብ ላብራራው።

ከ2024–25 የትምህርት ዓመት ጀምሮ ፔል የሚሰላው በምዝገባ መጠን ነው። የያዝሽው ክሬዲት ለ12 ይካፈልና ወደ ሙሉ ፐርሰንት ይጠጋጋል። 11 ክሬዲት 92፣ 10 ክሬዲት 83፣ 9 ክሬዲት 75፣ 8 ክሬዲት 67፣ 6 ክሬዲት 50 ፐርሰንት። አንድ ክሬዲት ጣልሽ ማለት አንድ አሥራ ሁለተኛው ቀነሰ ማለት ነው፤ ገደል የለውም። ከ12 በላይ ደግሞ 14ም ያዢ 18 ፔሉ ያው 100 ፐርሰንት ነው።

በገንዘብ ስናየው የ2025–26 ከፍተኛው ፔል በዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ ለአንድ ሴሚስተር 3,697 ከሃምሳ ሳንቲም። ሙሉውን የምታገኚ ብትሆኚ በ11 ክሬዲት ወደ 3,400፣ በ9 ወደ 2,770፣ በ8 ወደ 2,480 ዶላር ይደርስሻል። የክሬዲት ክፍያውም አብሮ ስለሚቀንስ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ዋጋ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከምትፈሪው ያነሰ ነው። የሚቀንሰው ተርፎ በእጅ የሚሰጠው ገንዘብ ነው፤ በእሱ ኪራይ ለመክፈል ያሰበ ሰው ከአሁኑ ይወቀው።

ገደል ያለው ብድር ላይ ነው። የፌዴራል ብድር ቢያንስ ግማሽ ጊዜ፣ ማለትም 6 ክሬዲት ይፈልጋል፤ በ5 ክሬዲት ብድር የለም። የስቴትና የግል ስኮላርሺፖች ደግሞ የራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ 12 የግድ የሚሉ አሉ። የተሰጠሽ ሌላ ስኮላርሺፕ ካለ ደብዳቤውን አውጥተሽ አንብቢ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚወድቅበት፦ ፔል የሚቆጥረው ለፕሮግራምሽ የሚያስፈልጉትን ክላሶች ብቻ ነው። 12 ክሬዲት ይዘሽ ሦስቱ ከፕሮግራሙ ውጭ ከሆኑ ለፔል 9 ነሽ። 12 ለመሙላት ብሎ ዮጋ መጨመር የማይሠራው ለዚህ ነው።

የሂሳብ_ሰሌዳ
ከዚሁ ጋር ይያያዛል፦ ሂሳብ 154 ለምን መረጥሽ? የፕሮግራምሽን የኮርስ ዝርዝር ከኮሌጁ ካታሎግ ላይ፣ የምትገቢበትን ዓመት መርጠሽ ተመልከቺ። 154 እዚያ ከሌለ ፔሉም አይቆጥረውም፣ ጊዜሽም ባከነ። በኋላ ወደ ባችለር ለመሻገር ካሰብሽ ደግሞ ብዙ የቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር) ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ስታቲስቲክስ ነው፣ በቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ሂሳብ 245 የሚባለው። የምትሻገሪበትን ዩኒቨርሲቲ ዝርዝር ዛሬ አይተሽ ወደኋላ መቁጠር ይሻላል።

ሂሳብ የሚያስፈልግሽ ሆኖ ከተገኘ ከአናቶሚ ጋር አንድ ሴሚስተር ላይ አታድርጊው። ሂሳብ በየሁለት ቀኑ መሥራት ይፈልጋል፣ አናቶሚም እንደዚያው። ሁለቱም የሚቀጥለው ምዕራፍ በቀደመው ላይ የሚቆም ትምህርት ነው፤ አንድ ሳምንት ካመለጠሽ ሁለቱም አብረው ይሰበራሉ። ሳይኮሎጂ ላይ አንድ ምዕራፍ ብትዘልዪ የሚቀጥለውን ማንበብ ትችያለሽ።

ሌላ ማስታወሻ፦ ከሂሳቡ ወይም ከኢንግሊሹ ጋር የድጋፍ ኮርስ አብራችሁ ውሰዱ ከተባላችሁ እሱም ሰዓት ይበላል። ለዲግሪው አይቆጠርም፣ የሳምንቱን ጫና ስትደምሩ ግን መቆጠር አለበት። 9 ክሬዲት የያዘ መስሎት በድጋፍ ኮርሱ ምክንያት የ12 ክሬዲት ሥራ የሚሠራ ተማሪ ብዙ ነው።

አጥንት_በላብ
ባዮ 141ን ስለምትወስጂ ምን እንደሚጠብቅሽ በዝርዝር ልንገርሽ፣ 4 ክሬዲት የሚለው ቁጥር ስለሚያታልል።

በአንድ ሴሚስተር ከኬሚስትሪ መሠረት ይነሳና ሴል፣ ቲሹ፣ ቆዳ፣ አጥንት፣ ጡንቻ፣ ነርቭ እያለ ይሄዳል። ሌክቸሩ የሚፈተነው በምርጫ ጥያቄ ነው፣ ላቡ ግን በፕራክቲካል ነው፦ ጠረጴዛዎች ላይ አጥንት፣ ሞዴል፣ ማይክሮስኮፕ ተደርድሮ እያንዳንዱ ላይ መርፌ ወይም ቁጥር ይለጠፋል። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ትቆሚያለሽ፣ ስሙን ጽፈሽ ወደሚቀጥለው ትዞሪያለሽ። ምርጫ የለም። ስፔሊንግ የሚቆጥሩ አስተማሪዎች አሉ፤ ለዚህ ሲላበሱን (የኮርሱን ዕቅድና ደንብ የያዘውን ወረቀት) ከመጀመሪያው ቀን እዩት።

የአዋቂ ሰው አጥንት 206 ነው ብሎ የሚረጋጋ አለ። የሚጠየቀው ግን የአጥንቱ ስም ብቻ አይደለም፤ በአጥንቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጉብታ፣ ቀዳዳና ጥርብ ስም አለው፣ ቀኝ ነው ግራ የሚለውም ይጠየቃል። ይህ በእሑድ ስድስት ሰዓት ጥናት አይያዝም። በየቀኑ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚያጠና ሰው በሳምንት አንዴ ስድስት ሰዓት ከሚቀመጠው የተሻለ ይይዛል፣ ያውም በአጠቃላይ ያነሰ ሰዓት ሰጥቶ። ስለዚህ የሥራ መርሐ ግብርሽ በየቀኑ 40 ደቂቃ የሚሰጥ መሆኑን አረጋግጪ፤ የ16 ሰዓት ደብል ሺፍት ያለበት ሳምንት ይህን ይሰብረዋል።

ምስሉን ከመጽሐፍ ብቻ ማጥናት ሌላው ስህተት ነው። ፈተናው ላይ የሚቀርበው የኮሌጁ ሞዴል ስለሆነ በተፈቀደ ሰዓት ላብ ገብታችሁ የራሱን ሞዴል ፎቶ አንሱ (መጀመሪያ አስፈቅዱ) እና በእሱ አጥኑ።

አገር ቤት ሃይስኩል የጨረሰ ሰው ግን አንድ ጥቅም አለው። ባዮሎጂን በእንግሊዝኛ ስለተማራችሁ ሴል ሜምብሬን፣ ማይቶኮንድሪያ የመሳሰሉት አዲስ አይሆኑባችሁም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ቀላል የሚመስሉት ለዚህ ነው። ቲሹ ላይ ሲደረስ ግን ያ ጥቅም ያልቃል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም ሁለተኛው ፈተና ላይ ነው።

ሌሊት_ሺፍት
ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሥራ ወጥቶ የጠዋት 2 ሰዓት ላብ አይያዝም። ቤት ስትደርሺ 6 ሰዓት፣ ስትተኚ 7፣ ስትነሺ 12 ተኩል። አንዴ ይቻላል፣ ለ15 ሳምንት አይቻልም። ላቡን ሥራ በሌለበት ቀን አድርጊው፣ ካልሆነም ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ የሚጀምር ሴክሽን ፈልጊ። የላብ ሴክሽን ቶሎ ስለሚሞላ መጀመሪያ እሱን መዝግበሽ ሌላውን በዙሪያው ደርድሪ።

ፈጥኖ_ጨራሽ
@ፋፍሳ_ከፋች እሺ፣ የፔሉ ነገር ገባኝ። ግን ማሂ በ8 እና በ9 ክሬዲት ከሄደች ያው ሰባት ሴሚስተር አይደለም? በየዓመቱ ከፔሉ ሩቡን እየተወች?

ፋፍሳ_ከፋች
አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ ስታየው መልኩ ይለወጣል። ሙሉ የዓመት ፔል ማለት 24 ክሬዲት ማለት ነው። ያንን 12 እና 12 አድርገህ መውሰድ ትችላለህ። 9 በፎል፣ 9 በስፕሪንግ፣ 6 በሰመርም ያው 24 ነው፤ ፔሉም 75 እና 75 እና 50 ሆኖ በግማሽ ዓመት ልክ ሲደመር አንድ ሙሉ ዓመት ይሞላል። የሚቀር ሳንቲም የለም፣ 60 ክሬዲቱም በሁለቱም መንገድ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ያልቃል።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። ኮሌጁ ሰመርን ካለፈው የኤይድ (የትምህርት ገንዘብ እርዳታ) ዓመት ጋር ነው ወይስ ከሚመጣው ጋር የሚቆጥረው? ይህን ኤይድ ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለተኛው፣ ሰመር አጭር ነው። 3 ክሬዲት በ15 ሳምንት 9 ሰዓት በሳምንት ከሆነ በ7 ሳምንት ተኩል 18 ሰዓት ነው፣ በ5 ሳምንት 27። ሰመር ላይ ሁለት ክላስ አብሮ መውሰድ ፉል ታይም ሥራ ማለት ነው፤ አንዱን በመጀመሪያው፣ ሌላውን በሁለተኛው ዙር አድርጉት። አናቶሚ ሰመር ላይ? በሥራ ላይ ላለ ሰው አልመክርም።

አሁን 14 ይዞ መውደቅ ምን እንደሚያስከፍል እንይ፣ ሰው እዚህ ላይ ነው የማያሰላው። ኤይድ ለመቀጠል ሳፕ የሚባል መለኪያ አለ። በአብዛኛው ኮሌጅ ከሞከርሽው ክሬዲት ቢያንስ 67 ፐርሰንቱን ማለፍ አለብሽ፣ ጂፒኤሽም ከ2.0 እንዳይወርድ ይፈለጋል። በደብልዩ (መሃል ላይ አቋርጧል በሚል ምልክት) የተጣለ ክላስ ጂፒኤ አይነካም፤ «ሞክራለች» ተብሎ ግን ይቆጠራል።

14 ይዘሽ በስምንተኛው ሳምንት ባዮውን በደብልዩ ብትጥዪ፣ ሂሳቡንም ኤፍ ብታመጪ፣ ያለፍሽው 7 ከ14 ነው፣ 50 ፐርሰንት። ማስጠንቀቂያ ውስጥ ገባሽ። 8 ይዘሽ ሁሉንም ብታልፊ 100 ፐርሰንት ነው። በመጨረሻው ላይ ያለሽ ክሬዲት 7 እና 8፣ እኩል ማለት ይቻላል፤ አንዱ ግን ትራንስክሪፕቱ ላይ ጠባሳ አለው። ነርሲንግ ደግሞ ተወዳድረሽ የምትገቢበት ነው፤ በሳይንስ ኮርስ ከሲ በታች የማይቀበሉ ብዙ ናቸው፣ የተደገመ ኮርስንም አጥብቀው የሚያዩ አሉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ጣሪያም አለ። 60 ክሬዲት ለሚፈልግ ፕሮግራም ኤይድ የሚሸፍነው እስከ 90 የተሞከረ ክሬዲት ነው። ደብልዩውም፣ ኤፉም፣ ድጋሚውም ከ90ው ይቀነሳል። የፔል የዕድሜ ልክ ጣሪያ ደግሞ የ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ነው፤ ባችለር የሚያስብ ሰው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ላይ እንዳይጨርሰው።

ከሁሉ የከፋው ሁሉንም ክላስ አንዴ መተው ነው። ከሴሚስተሩ 60 ፐርሰንት፣ ማለትም በ15 ሳምንቱ ዘጠነኛው ሳምንት ገደማ ሳይደርስ ሁሉንም የተወ ሰው ኤይዱን በቀኑ ልክ ብቻ ነው ያገኘው። 3,000 ዶላር ተሰጥቶት 30 ፐርሰንት ላይ ቢተው ያገኘው 900 ነው፤ የቀረው 2,100 ያልተገኘ ይባላል፣ ኮሌጁም ከዚያ ውስጥ ለፌዴራል የመለሰውን ከተማሪው ይጠይቃል። ሳይከፈል ለሚቀጥለው ሴሚስተር መመዝገብ አይቻልም። ሳይናገሩ ጠፍቶ ሁሉንም ኤፍ ማምጣትም አያድንም፤ ኮሌጁ መጨረሻ የተሳተፍሽበትን ቀን ያጣራል። ኦንላይን ክላስ ላይ ገብቶ መውጣት ብቻ ተሳትፎ አይባልም፤ ኩዊዝ መሥራት፣ የቤት ሥራ ማስገባት፣ ውይይት ላይ መጻፍ ነው የሚቆጠረው።

ናቲ_ኤፍዋን
ይህ ሁሉ ለግሪን ካርድ፣ ለሲቲዝንና ለመሳሰሉት ነው። ኤፍ-1 (የውጭ ተማሪ) ቪዛ ላይ ያለ ተማሪ 12 ይዞ ኬሚስትሪ ከከበደው መጣል ይችላል? በኦንላይን ክላስስ መተካት ይቻላል?

ቪዛና_ትምህርት
ናቲ፣ ለኤፍ-1 ሕጉ ሌላ ነው፣ ፔልም የለም። በፎልና በስፕሪንግ 12 ክሬዲት የግድ ነው። ለ12ቱ ከሚቆጠረው ውስጥ ኦንላይን መሆን የሚችለው አንድ ክላስ፣ እስከ 3 ክሬዲት ነው። 12 ይዘህ ሁለቱ ኦንላይን ከሆኑ ለኢሚግሬሽን 9 ነህ። ከ12 በላይ ስትሆን ትርፉ ኦንላይን ቢሆን ችግር የለም።

ክላሱን ከመጣልህ በፊት ዲኤስኦውን፣ ማለትም የኮሌጁን የውጭ ተማሪዎች ኃላፊ፣ አነጋግር። ፈቃዱ ሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች የመንግሥት መዝገብ) ላይ መመዝገብ ያለበት ከመጣሉ በፊት ነው፤ ጥሎ መሄድና በኋላ ማስረዳት ስታተስ ያስወጣል። ለትምህርት ችግር የሚሰጠው ቅነሳ ምክንያቶቹ የታወቁ ናቸው፦ የመጀመሪያ ጊዜ የእንግሊዝኛ ችግር፣ የንባቡ መብዛት፣ የአሜሪካን የማስተማር ዘዴ አለመልመድ፣ ወይም ደረጃው የማይመጥን ክላስ ላይ መመደብ። ቢፈቀድም ቢያንስ 6 ክሬዲት መያዝ አለብህ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ወደ ሙሉ ትመለሳለህ፣ በአንድ የዲግሪ ደረጃም አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። የሕክምና ምክንያት ሌላ ነው፤ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃል፣ በአጠቃላይ እስከ 12 ወር ይፈቀዳል። ሥራው በካምፓስ ውስጥ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ለኤፍ-1 የሚያዋጣው 12ቱን በጥበብ መምረጥ ነው። ሁለት የላብ ሳይንስ አንድ ላይ አታድርግ፤ አንድ ከባድ፣ አንድ መካከለኛ፣ ሁለት ቀለል ያሉ። 15 ይዞ መጀመርም ይረዳል፤ አንዱ ባለ 3 ክሬዲት ክላስ ቢከብድ ጥለኸው ከ12 አትወርድም።

ሲላበስ_አንባቢ
ማሂ የፈለግሽውን ቁጥር ምረጪ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ግን እንዲህ ተጠቀሚበት። ከእያንዳንዱ ሲላበስ ፈተናና ድርሰት ያለበትን ቀን ሁሉ አውጥተሽ አንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፊ። አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛው፣ ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው እና አሥራ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ይከመርበታል። በአንድ ሳምንት ከሁለት ፈተና በላይና አንድ ድርሰት ከተገናኙ ሥራ ቦታ ለዚያ ሳምንት ከአሁኑ ፈቃድ ጠይቂ። በፈተናው ሳምንት ጠዋት ተነስቶ «ፈተና አለብኝ» ማለት ብዙ አለቃ አይወድም።

ከዚያ ከኮሌጁ ካሌንደር ሦስት ቀን ፈልጊ፤ ሰው ያምታታቸዋል። የመጀመሪያው ገንዘብ ተመልሶ ያለ ምልክት ድሮፕ የሚደረግበት የመጨረሻ ቀን ነው። ሁለተኛው ያለ ኤፍ በደብልዩ የሚወጣበት የመጨረሻ ቀን። ሦስተኛው ኤይድ ቢሮ ክሬዲትሽን ቆጥሮ ፔሉን የሚያጸናበት ቀን፤ ከመጀመሪያው ጋር በብዙ ቦታ ይገጥማል፣ ግን ጠይቂ። የ15 ሳምንቱ፣ የ12 ሳምንቱና የ8 ሳምንቱ ክላሶች ቀናቸው ይለያያል፤ የአንዱን አይተሽ ለሌላው አትጠቀሚ።

ክላስ የምትጥዪው ከሦስቱ ቀኖች ከመጀመሪያው በፊት ከሆነ ገንዘቡ ይመለሳል፣ ስለዚህ የከባዱን ክላስ ጫና ቶሎ ፈትሺ፦ በመጀመሪያው ሳምንት ለባዮ የተሰጠውን ንባብ በሰዓት ለኪ። የአንድ ምዕራፍ ንባብና ማስታወሻ ከ6 ሰዓት በላይ ከወሰደብሽ ሌላ አንድ ክላስ አሁኑኑ መውጣት አለበት።

ኦንላይን_ጥቅሙ
ኦንላይን ክላስ ቀላል ነው ብሎ የሚይዝ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ክሬዲቱ ያው ስለሆነ ሥራውም ያው ነው፤ የቀረልሽ መንገዱ ብቻ ነው። እንደውም ሌክቸሩ በንባብና በውይይት ስለሚተካ ጽሑፉ ይበዛል። በየሳምንቱ አንድ የራስሽ ጽሑፍና ሁለት ለሌሎች የምትሰጪው መልስ የተለመደ ነው። የራስሽ ረቡዕ፣ መልሱ እሑድ የሚባለውን ካላስተዋልሽ እሑድ ሁሉንም ብትጽፊም ግማሽ ነጥብ ሄደ።

የጊዜ ገደቡ 11፡59 ፒኤም ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 5፡59 ነው። ሺፍትሽ 5 ሰዓት ስለሚያልቅ መኪና ውስጥ ስልክ ላይ ለማስገባት ትሞክሪያለሽ፣ ፋይሉ አይከፈትም። ማስገቢያውን ለራስሽ ከሥራ በፊት አድርጊው። ፈተናው በካሜራ የሚጠበቅ ከሆነም ጸጥ ያለ ክፍልና የሚሠራ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ክሮምቡክና ታብሌት የማይቀበሉ አሉ።

የሂሳብ_ሰሌዳ
አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ካላችሁ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት ትራንስክሪፕታችሁን አስገምግሙ። ኮሌጁ የሚቀበለውን ገምጋሚ ድርጅት ጠይቁና ኮርስ በኮርስ የሚለውን ዓይነት አሠሩ፤ ዲግሪው ከምን ጋር እኩል እንደሆነ ብቻ የሚናገረው ክሬዲት አያስገኝም። ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሂሳብ የመሳሰሉት ሊያስቀሩላችሁ ይችላሉ። ያረጀ የሳይንስ ኮርስ ግን ነርሲንግ አይቀበልም ብላችሁ ተዘጋጁ። ወረቀቱ ከአገር ቤት እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ጥያቄው የሚጀመረው ዛሬ ነው።

ማሂ_ነርሲንግ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካታሎጉን አየሁት፣ ሂሳብ 154 በፕሮግራሜ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ አወጣሁት። አሁን ያለው ባዮ 141 (ላቡ ሰኞ፣ ሥራ የሌለኝ ቀን)፣ ኢንግሊሽ 111 እና ኤስዲቪ ነው፣ 8 ክሬዲት። ሳይኮሎጂ 230ን ደግሞ በሴሚስተሩ አጋማሽ ከሚጀምረው የ8 ሳምንት ዙር ላይ አግኝቻለሁ። ባዮው እንዴት እንደሚሄድ አይቼ ልጨምረው ብዬ ነው። ይሆናል?

ሰዓት_ቆጣሪ
ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን የ8 ሳምንቱ ክላስ በሳምንት 9 ሳይሆን 17 ሰዓት ገደማ ነው የሚበላው፣ ያውም የባዮው የነርቭ ምዕራፎች ባሉበት ወቅት። ከሁለት ፈተና በኋላ ባዮ ላይ ቢ እና ከዚያ በላይ ካለሽ ያዢው። ሲ ላይ ካለሽ ለስፕሪንግ አቆዪው።

ፋፍሳ_ከፋች
አንድ ነገር ልጨምር። «አይቼ እጨምራለሁ» ካልሽ ኤይድ ቢሮ ክሬዲት የሚቆጥርበት ቀን ሊያልፍ ይችላል፤ በኋላ የተጨመረውን ክላስ ፔሉ ላይ የማያስገቡ ኮሌጆች አሉ። አሁኑኑ በ11 ክሬዲት ተመዝገቢ። ባዮው ከከበደሽ ሳይኮሎጂው ከመጀመሩ በፊት ድሮፕ አድርጊው፤ ያልጀመርሽው ክላስ ስለሆነ ደብልዩ የለውም። ፔሉ ግን ከ92 ወደ 67 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ልዩነቱም ሙሉውን ለምታገኝ ሰው ወደ 925 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ የሳይኮሎጂው ክፍያ ይነሳልሻል፣ ቀሪው ካለ ግን መልሽ ይሉሻል። ስለዚህ በሴፕቴምበር ወይም በኦክቶበር በእጅሽ የሚገባው ትራፊ ገንዘብ ካለ፣ ያ 8 ሳምንት ተጀምሮ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ እስክታስገቢ ድረስ አትንኪው።